ለአልጣሽ የጎደለው ሎጅ አይደለም

ስለ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው ንግግር የታወቀ ነው። ፓርኩ እምቅ ሀብት አለው፤ ግን አልተዋወቀም። መንገድ የለውም፣ ሎጅ የለውም፣ ጎብኚም የለውም። እነዚህ ከተሟሉለት ቱሪስቱ ይጎርፋል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ የአካባቢው ሰውም ጥቅሙን አይቶ አንበሳውንና የዕጣን ዛፉን ራሱ ይጠብቃል ይባላል። ይህን የሚለው ሹመኛ ብቻ አይደለም። አስጎብኚው ይለዋል፣ የቱሪዝም ምሩቁ ይለዋል፣ ካሜራ ይዞ ቋራ የወረደ ጋዜጠኛም ዘገባውን የሚዘጋው በዚሁ ነው።

በንግግሩ ውስጥ ክፋት የለም። ስህተት ግን አለ፤ ያውም ትልቅ ስህተት። ለሰሜን ተራሮች በልክ የተሰፋን ካባ ለቋራ ቆላ ማልበስ ነው። አልጣሽንና ከድንበሩ ማዶ ያለውን ዲንደርን በጎብኚ ብዛት የሚመዝን ሁሉ ፓርኮቹ ሚዛኑ ላይ ሳይወጡ ፈርዶባቸዋል፤ በዚህ መለኪያ መቼም አያልፉምና።

አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ያዘ፤ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ6 እጥፍ በላይ ማለት ነው። የሚገኘው በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በቋራ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች በሆነ ሜዳ ላይ ነው። ሽመል፣ የዕጣን ዛፍ፣ ግራርና በደኖ የለበሰው ይህ ሜዳ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ሱዳን ይገባል፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላም ዲንደር ሆኖ ይቀጥላል። ዲንደር የተከለለው በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ስፋቱ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሰናር፣ የገዳሪፍና የብሉ ናይል ግዛቶችን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1979 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በ2005 ደግሞ የራምሳር ስምምነት የእርጥብ መሬቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በካርታ ሁለት ፓርክ ናቸው። ለአንበሳው አንድ ናቸው።

እሺ፣ ጎብኚው ይምጣ እንበል። መቼ ይምጣ?

ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድ መሬቱ ይዘጋል። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰንጥቆ እግር የሚውጥ ሲሆን፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ከጎማ ላይ የማይለቅ ጭቃ ይወጣዋል፤ በዚያን ጊዜ ላንድክሩዘርም ሆነ ትራክተር እኩል ይቆማሉ። ሰላም በነበረበት ዘመን እንኳ ዲንደር ለጎብኚ የሚከፈተው ከታኅሣሥና ከጥር አንስቶ እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻ ነበር። ከእነዚያ ወራት ውስጥም መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ናቸው። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ጄኔሬተር እያስነሳ፣ አልጋ አንጥፎ በሦስትና በአራት ወር ገቢ የሚኖር ሎጅ ማን ያቆማል? ያቆመስ እንደሆነ ለስንት ዓመት?

ሌላም አለ፤ በብሮሹር ላይ የማይጻፍ። ካላዛር የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚወደው መሬት ይኸው ነው፤ የተሰነጠቀ ዋልካ፣ ዋጩና በደኖ ያለበት ቆላ። ከሁመራ እስከ መተማ፣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ያለው ሕዝብ በሽታውን በስሙ ያውቀዋል። ካልታከሙት ይገድላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚታከሙት ብዙዎቹ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወርደው ሜዳ ላይ ያደሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ይህን ማንሳት ጎብኚን ለማስፈራራት አይደለም። ተዘጋጅቶ የሚሄድ ሰው ይሄዳል፤ አጎበር ይዞ፣ ውሃውን ጭኖ፣ መሪ ቀጥሮ። ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥቂት ነው፣ ጥቂት ሆኖም ይቀጥላል። የአንድን ፓርክ ሕልውና በእሱ ኪስ ላይ መመሥረት ከቁጥር ጋር መጣላት ነው።

በዚህ ድንበር የሚመላለስ ሰው ጠፍቶ አይደለም። በየዓመቱ ከደጋው ወርዶ ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ የሚሄደው ጉልበተኛ ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ60,000 በላይ ነበር፤ ብዙው የሰፈረው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን በተራቸው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ሠራተኛው፣ ስደተኛው፣ ከብት ነጂውና ነጋዴው ይህን መሬት ይረግጠዋል፣ ከእሱም ይኖራል። የፓርኩ ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ ሰዎች ነው። እቅዱ ግን የሚጻፈው ላልመጣው ቱሪስት ነው።

የቦታው ጉዳይ ውሃ ነው። ዲንደር ውስጥ ሱዳኖች «ማያ» የሚሏቸው ረግረጎች አሉ። ወንዝ አካሄዱን ሲለውጥ ትቶት የሚሄደው የተጠማዘዘ አሮጌ አልጋ ነው ማያ። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲገነፍል በአንዲት ጠባብ ቦይ በኩል ውሃ ይገባዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከሸሸበት ጥግ ላይ ለምለም ሣር ይበቅላል። ሌላው ሜዳ ሁሉ ደርቆና ተቃጥሎ ሳለ ከጥር እስከ ግንቦት ጎሹ፣ ቦሖሩ፣ ከርከሮውና ሰጎኑ የሚተርፉት በዚያች ሣርና በዚያች ውሃ ነው። ቦይዋ በደለል ከተደፈነች ግን ማያው በጥቂት ዓመታት ተራ ደረቅ ሜዳ ይሆናል። ደለሉ የሚመጣው ከየት ነው? ዲንደርም ሆነ ራሃድ የሚነሱት ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ራሃድ ሽንፋ ሳለ ነው ድንበር የሚሻገረው። ከጣና በስተ ምዕራብ ያለ ገበሬ ያረሰው ገደላማ ማሳ አፈሩን በሱዳን ቦሖር መጠጫ ላይ ያራግፋል።

በአልጣሽ በኩልም ነገሩ ያው ነው። ወንዞቹ በበጋ ይቆማሉ፤ የሚቀረው በአሸዋው መካከል እዚህም እዚያም የቋጠረ ኩሬ ነው። አንበሳው የሚያድነው እዚያ ነው፣ ከብቱ የሚጠጣው እዚያ ነው፣ አዳኙም የሚያደባው እዚያ ነው። ሎጅስ የሚሠራው የት ነው? ያለ ጥርጥር ውሃ አጠገብ። ዲንደር ውስጥ ያለው የጋለጉ የእንግዳ ማረፊያም በወንዝ ዳር ነው። ውሃ በጠበበበት አገር ሻወርና የአልጋ ልብስ ማጠቢያ ይዞ መምጣት፣ ከዚያም «ለዱር እንስሳቱ ብለን ነው» ማለት ቀልድ ይመስላል።

የእንስሳቱ መመናመንም ቢሆን ከጎብኚ ማነስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861ና በ1862 በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ሴት ጋር በአትባራ፣ በሰቲት፣ በራሃድና በዲንደር ወንዞች ተዘዋውሮ ያየውን ጽፏል። ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስና ጉማሬ በየወንዙ ዳር ነበሩ። በሰቲት ዳር የሚኖሩት የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ዝሆን እያባረሩ የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ሲቆርጡ አብሯቸው ውሏል። ዛሬ በዲንደር ቀጭኔም አውራሪስም የለም። ቶራ የሚባለው የቆርኬ ዘር፣ መኖሪያው ይኸው የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቆላ የነበረው፣ ከምድር ገጽ ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል፤ ምናልባትም ጠፍቷል። ያ ሁሉ አውሬ አስጎብኚ አጥቶ አይደለም ያለቀው።

ጥይት ድርሻ ነበረው። ከጥይት የከፋው ግን ትራክተር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945፣ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ማሽላ ለማምረት በገዳሪፍ ሜዳ ሜካናይዝድ እርሻ ጀመሩ። ከ1968 በኋላ በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፋ። ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው፤ ማሽላዋንና ሰሊጧንም ማንም አይንቅም። ግን የዲንደር እንስሳት ክረምቱን የሚያሳልፉት ፓርኩ ውስጥ አልነበረም። ጭቃውንና ተናካሽ ዝንቡን ሸሽተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ራሃድና ወደ ቡታና ሜዳ ይወጡ ነበር። ያ መውጫ ታረሰ። ፓርክ የተባለው መሬት የእንስሳቱ የበጋ ቤት ብቻ ነበር፤ የክረምት ቤታቸው ማሽላ ሆነ።

ከእንስሳቱ ጋር ከብት አርቢውም መንገድ አጣ። በኛ በኩል ፈላታ የሚባሉት፣ አባቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ሱዳን ውስጥ ለትውልዶች የኖሩ አርብቶ አደሮች፣ ክረምቱ ሲያልፍ መንጋቸውን እየነዱ አልጣሽ ይገባሉ። ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ኩሬውን ይይዛሉ፣ ከስካውት፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ይጋጫሉ። በየሪፖርቱ ላይ «ሕገ ወጥ ግጦሽ» ተብለው ነው የሚመዘገቡት። እውነት ነው፣ ሕገ ወጥ ነው። ነገር ግን የድሮ የግጦሽ መስመራቸው ላይ ትራክተር የነዳው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሁሉን ጥፋት በፈላታ ላይ መጫን የችግሩን ግማሽ ብቻ ማየት ነው። ያው ትራክተር አንበሳውንም ከብቱንም አንድ ጥግ ላይ አጣብቋቸዋል። በኛም ወገን ቢሆን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ የወረደው ገበሬና የሰሊጥ ባለሀብቱ በመተማና በቋራ ያን ሥራ ቀጥለውበታል። ሎጅ ይህን አይፈታም።

በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከአልጣሽ የወጣው ዜና ዓለምን ዞረ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሃንስ ባወር በቦርን ፍሪ በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ባካሄደው ቅኝት አንበሳ በካሜራ ተቀረጸ፤ ዱካውም ታየ። ግምቱ በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ፣ ከእነሱም በአልጣሽ ከ27 እስከ 54 ይኖራል የሚል ነበር። የውጭ ጋዜጦች «የማይታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ፤ ሌሊት ሌሊት ሲያገሱ ለሚሰማው የቋራ ሰው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ከዜናው ጋር የተጻፈውን ልብ ብሎ ያነበበ ሌላም ነገር ያገኛል። ውሃ ስላነሰ የሚታደነው እንስሳ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም የአንበሳው ብዛት በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 2 ብቻ ነው ተብሎ ነው የተገመተው። ይህ ማለት ጎብኚ አንድ ሳምንት ሙሉ ተንከራቶ የአንበሳ ጭራ ላያይ ይችላል ማለት ነው። ማሳይ ማራ ለምዶ የመጣ ቱሪስት ገንዘቤን መልሱ ይላል። ለጥበቃ ባለሙያው ግን እነዚያ የተበተኑ አንበሶች ከሌላ ቦታ የማይተኩ ናቸው። የጎብኚ ሚዛንና የፓርኩ እውነተኛ ዋጋ የሚለያዩበት ቦታ እዚህ ላይ ነው።

የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር ማለፍ አይገባም። «ጥቅም የማያገኝ ሕዝብ ፓርክ አይጠብቅም» ይላሉ። ልክ ናቸው። በቋራ ወረዳ ከተማ በገለጉ ያለ ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ አንበሳ በርቀት ሲያገሳ መስማት እራት አይሆንም። ስህተቱ የሚጀምረው ጥቅም ማለት የቱሪስት ገንዘብ ብቻ ነው ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖችን ሲያቆም በኬንያ በሎጅ ኪራይ ይኖሩ የነበሩ የማራ ጥብቅ ቦታዎች ምን ያህል እንደተናጉ የታየ ነው። ያም ሰላም ባለበት፣ አስፋልትና አየር ማረፊያ በሞላበት አገር ነው።

ለአልጣሽ የሚቀርበው ምሳሌ ኬንያ ሳይሆን ቻድ ነው። የዛኩማ ፓርክ እንደ ዲንደር በክረምት የሚጥለቀለቅ፣ በበጋ የሚነድ፣ ከዋና ከተማው የራቀ፣ እንስሳቱ ክረምት ሲገባ ከድንበሩ የሚወጡበት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ4,000 በላይ ዝሆን ነበረው። በፈረስ የሚመጡ፣ ብዙዎቹም ከሱዳን የሚነሱ የዝሆን ጥርስ አዳኞች በ2010 ወደ 450 አወረዱት። በዚያው ዓመት አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ አስተዳደሩን ያዘ። መጀመሪያ የሠራው ሎጅ አልነበረም። በክረምትም ሳይዘጋ እዚያው ውሎ ማደር፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሬዲዮ፣ በፈረስ የሚንቀሳቀስ ጥበቃ፣ ከፓርኩ ውጭ ዝሆኖቹ በሚከርሙበት ቦታ አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ነበር። ዋጋም አስከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ስድስት ጠባቂዎች ሄባን በተባለ ቦታ ለጠዋት ሶላት በቆሙበት ተገደሉ። የዝሆኑ ቁጥር ግን መውረዱን አቆመ፤ ግልገል መታየት ጀመረ፤ ከ500 በላይም ሆነ። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከለጋሾች ነው። ዛሬ ዛኩማ ጎብኚ ይቀበላል፣ ጥቂትና ከባድ ዋጋ የሚከፍል ጎብኚ። የመጣው ግን ፓርኩ ከዳነ በኋላ ነው።

ያንን ቅደም ተከተል ገልብጦ አልጣሽ ላይ የሚሞክር ሰው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን ይመልከት። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያው ከዚያም በኋላ አልበረደም። በሰኔ 2016 መጨረሻ የሱዳንን ጦር የሚወጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ሲንጃ ከተማን፣ ቀጥሎም የፓርኩ መግቢያ የሆነችውን የዲንደር ከተማን ያዘ፤ የሱዳን ጦር ዲንደርን ያስለቀቀው በጥቅምት 2017 ነው። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. ሁለቱም የእኔ ነው በሚሉት በድንበሩ በአል ፋሽቃ ለም መሬት ምክንያት የሁለቱ አገሮች ኃይሎች ተፋጠው ነበር። በእነዚህ ዓመታት በሁለቱም በኩል ፓርክ ሊጎበኝ የሚመጣ የለም። በትኬት የሚተዳደር ፓርክ ቢሆን ኖሮ ስካውቱ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ጠብመንጃ በየመንደሩ በበዛበት፣ ጥበቃ ከሁሉም ጊዜ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት።

መንገዱስ? መንገድ ለቋራ ሰው ያስፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ሐኪም ዘንድ ለማድረስ፣ ሰሊጥ ገበያ ለማውጣት። ለዚህ ተብሎ ወደ ቀበሌዎቹ ይሠራ። በፓርኩ ሆድ ውስጥ «ለቱሪዝም» ተብሎ የሚከፈት መንገድ ግን ቱሪስቱን ሳይጠብቅ ከሰልና ሽመል የጫነውን አይሱዙ ነው የሚያስገባው። በቆላው አገር ደን የሄደበትን መንገድ ያየ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ገንዘብ ካለ የሚገባበት አለ። የስካውቱ ደመወዝ፣ ጫማ፣ ሬዲዮና የካላዛር ሕክምና አለ። ፈላታው መንጋውን በየት በኩል፣ በስንት ከብት፣ እስከ መቼ እንደሚያሳልፍ ከገዳሪፍና ከሰናር ሹማምንት ጋር ተቀምጦ መስማማት አለ፤ የድንበር ውዝግቡ ሳይፈታም ስለ ሣርና ውሃ መነጋገር ይቻላል፤ የድንበር ገበሬና ነጋዴ ሲያደርገው ኖሯል። የተደፈነ ቦይ መጥረግ አለ፤ ለቀን ሠራተኛ የሚሆን ሥራ ነው። የዕጣን ሙጫ ሳይበዛ በልኩ እየተበጣ ለነዋሪው ገቢ የሚሆንበት መንገድ አለ። ከደጋው በኩል እርከን መሥራትም የዚህ ፓርክ ሥራ ነው፤ ከፓርኩ ክልል ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሠራም።

አንባቢም ቢሆን አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ስለ አልጣሽ ልማት የሚቀጥለው እቅድ ይፋ ሲሆን ስንት አልጋ ያለው ሎጅ እንደታሰበ ከመጠየቁ በፊት፣ ስንት ስካውት በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ደመወዙን በጊዜው እንደሚያገኝ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ እቅዱን አይመነው።